ዘርይሁን የገባበት የኮምፎርት ልብስ

የእህቴ ባል ዘርይሁን እሁድ ጠዋት የኮምፎርት ልብስ ውስጥ ገብቶ አልወጣም። የገባው ኮምፎርቱን ሊያለብስ ነው። የኮምፎርት ልብስ ማለት እንደ ትራስ ልብስ ያለ ትልቅ ከረጢት ነው፤ ኮምፎርቱ፣ ያ ወፍራሙ ብርድ ልብስ፣ ይጨመርበታል፣ አፉ በአዝራር ይዘጋል፣ ሲቆሽሽ እሱ ብቻ ወልቆ ይታጠባል። ጤነኛ ሰው ከረጢቱን ይገለብጥና እጁን እስከ ጥጉ ሰዶ፣ የኮምፎርቱን ሁለት ጫፍ ይዞ መልሶ ይገለብጠዋል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የቤት አያያዝ መምህርት ነበርኩ። ይህንን ስንቱን አስተምሬያለሁ፤ ከተማሪዎቼ መካከል ውስጥ የቀረብኝ የለም።

ዘርይሁን ግን እንደ ሰው አይሠራም። የኮምፎርቱን ሁለት ጫፍ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ጭንቅላቱን አስቀድሞ፣ መኪና ሥር እንደሚገባ መካኒክ እየተንፏቀቀ ገባ። እህቴ የትናየት አልጋው ግርጌ ቆማ ትስቅ ነበር። ባሏ የቤት ሥራ በነካ ቁጥር ደስ ይላታል። «ሊያግዘኝ ብሎ እኮ ነው» ትለኛለች። ሊያግዝ! አንድ ኩባያ አንስቶ ማጠቢያው ላይ ካስቀመጠ ሳምንቱን ሙሉ የሚያወራ ሰው ነው።

መጀመሪያ ጀርባው ከጨርቁ ሥር ጉብ ብሎ ይታይ ነበር። ጉብታው ወደ ራስጌ ሄደ። ከዚያ እያነሰ መጣ፤ የውሻ ያህል ሆነ፣ ቀጥሎ የድመት ያህል፣ ቀጥሎ የእንቁላል ያህል። ከዚያ ጨርቁ ዝም ብሎ ተኛ። አልጋው ሜትር ከሃምሳ ነው።

«ዘርዬ?» አለች እህቴ።

«መጣሁ» አለ ከውስጥ። ድምፁ ከወንዝ ማዶ የሚጣራ ሰው ድምፅ ይመስላል። «ጥጉ ትንሽ ራቅ ብሏል፤ ላገኘው ነው።»

ጨርቁን በመዳፌ ከዳር እስከ ዳር ዳበስኩት። ምንም የለበትም። ኮምፎርቱም አብሮት ሄዷል። ጎንበስ ብዬ በአፉ በኩል ወደ ውስጥ አየሁ፤ ነጭ ነው፣ ትንሽ ነፋስ አለው። ሻይዬን ልጨርስ ወደ ሳሎን ተመለስኩ። ካልሲውን ከመሳቢያ ፈልጎ ማግኘት የማይችል ሰው ጥግ ያገኛል ብዬ የምጠብቅበት ምክንያት አልነበረኝም።

ምሳ ሰዓት ሲደርስም አልወጣም። የትናየት ምስር ወጡን በሳህን አድርጋ፣ እንጀራውን ጠቅልላ በአፉ በኩል ሰደደችለት። ሳህኑ ጥቂት ቆይቶ ተንሸራቶ ወጣ። ታጥቧል። እህቴ መስኮቱ ጋ ወስዳ አገላብጣ አየችው፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«አየሽ እትዬ? አጥቦ ነው የላከው።»

«ከገባ ወዲህ ሰው ሆኗል» አልኳት።

«እንደሱ አትበይ።»

በማግስቱ ጃኬቱን ጠየቀ። ጥቅምት ነበርና እዚያም ብርድ እንዳለ ተናገረ። መሥሪያ ቤቱ ደውሎ የት እንደገባ ሲጠይቅ የትናየት የኮምፎርት ልብስ ውስጥ ነው አለቻቸው። መቼ ነው የሚወጣው አሉ። አላውቅም አለች። እሺ ብለው ዘጉት። ከአነጋገራቸው እንደገባኝ እዚያም የጎደለ ነገር አልነበረም።

የሚገርመው ባልና ሚስቱ ያኔ ማውራት ጀመሩ። ውጭ ሳለ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጦ እህ ከማለት ሌላ ቃል የማይወጣው ሰውዬ፣ እንዴት አደርሽ፣ ምን በላሽ፣ እግርሽን ተሻለሽ ወይ ይላት ጀመር። እሷም አልጋው ጠርዝ ላይ ጎኗን አሳርፋ፣ ከረጢቱ አፍ ላይ አፏን አድርጋ ትመልስለታለች። እኔ ሳሎን ተቀምጬ የእህቴን ሳቅ እሰማለሁ። ሰው ለመሆን ጨርቅ ውስጥ መግባት ያስፈለገውን ወንድ ከመጤፍ አልቆጠርኩትም። እህቴን ግን ከመጤፍ አልቆጥርም ማለት አልችልም። ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም፤ የምኖረውም እነሱ ዘንድ ነው።

ብሎኩ ሙሉ ሰማ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ፀጉር ቤት ያላት እልፍነሽ ከሁሉም ቀድማ መጣች። እልፍነሽ ከፀጉር ሥራው ጎን ልብስ የማይፈልግ ኮምፎርት ትሸጣለች። ከላዩ የሚለብሰው ከረጢት የለውም፤ እሱ ራሱ እንዳለ ይነጠፋል፣ እሱ ራሱ እንዳለ ይታጠባል።

«ቲቸር፣ ድሮም ብያችሁ ነበር» አለች አልጋውን እያየች። «ልብስ የማይፈልገውን ብትወስዱ ኖሮ ሰውዬው በየት ይገባ ነበር?»

«እዚያ የሚገባ ሰው ሌላ መግቢያ አያጣም።»

«አጠባውስ? ማሽን ውስጥ ወርወር ነው፣ በቃ። ማውለቅ የለ፣ ማልበስ የለ።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ የብሎኩ ሴት ሁሉ ግቢው ውስጥ ካለው የልብስ ማስጫ ገመድ ሥር እየቆመች ልብስ የሌለው ኮምፎርት አጠባ ያቀላል አያቀልም ብላ ትከራከር ጀመር። ግማሹ ያቀላል ይላል፣ ግማሹ አያቀልም። ሰው ጠፍቷል፤ ስለ ሰውየው የሚጠይቅ የለም። ዘርይሁን ስለሆነ አልፈረድኩባቸውም።

የትናየት ግን ሽማግሌ ላከች። እኔ አልደገፍኩም። ሽማግሌ የሚላከው ላኮረፈ ባል ነው፤ ይሄ ደግሞ አላኮረፈም፣ ጭራሽ ተመችቶታል። ቢሆንም ሦስት ሆነው መጡ፤ መሪያቸው ከእኛ በላይ የሚኖሩት ጡረተኛው ሻለቃ ወልደየስ ነበሩ። ምሳ በሉ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ መኝታ ቤት ገብተው አልጋውን ከብበው ተቀመጡ። ሻለቃ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«ልጄ ዘርይሁን፣ ማን አስቀየመህ?»

«ኧረ ማንም፣ ሻለቃ። ደህና ነኝ» አለ ከረጢቱ።

«ሚስትህ ምን አጠፋች?»

«እሷ ምን ታጠፋለች? ምንም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጠብ ከሌለ ሥራ የላቸውም። ተለምኖ የመጣ ሽማግሌ ደግሞ ቁጭ ብሎ ሳያስታርቅ ከሄደ ነውር ነው፤ ሰፈሩ ምን ይላል? ስለዚህ ሻለቃ ወደ እህቴ ዞሩ።

«በይ ልጄ፣ ይቅርታ በይው።»

«ምን አድርጌ ነው?»

«አንቺ ይቅርታ በይ፤ የቀረውን እኛ እንጨርሰዋለን።»

ይቅርታ አለች። እሱም ከውስጥ ይቅርታ አለ። ሳሚው አሏት፤ የሚሳም ነገር ስለጠፋ የአዝራሩን ጠርዝ ሳመች። በሽማግሌ መሀል አይገባምና በሩ ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ። ከዚያ ሻለቃ በደንቡ መሠረት ተበዳይ ቅር ያለው ነገር እንዳለ ጠየቁት፤ ያልተበደለውን።

«አንድ ነገር ብቻ» አለ ዘርይሁን። «እንዳይታጠብ።»

«ተገቢ ጥያቄ ነው» አሉ ሻለቃ። «ሰው የሚኖርበት ቤት ላይ ውሃ አይደፋም።»

እህቴ ሦስቱም ባሉበት ቃል ገባች። መረቁ፤ አሜን ተባለ። ባልየውን ሊያስወጡ መጥተው፣ በቃል አስረው እዚያው አስቀምጠውት፣ ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ ወረዱ። በሰፈሩ ውስጥ እስከ ዛሬ ታላቅ ዕርቅ እየተባለ ይወራል።

እንግዲህ የጨርቁ መታጠብ ቀረ። የትናየት በዚያ ብርድ ባዶውን ከረጢት ለብሳ ትተኛለች። በአንገት በኩል ያለው ጠርዙ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ቡኒ። ቤቱ የሰው ላብ ሸተተ። እህቴ ቀኑን ሙሉ ከዚያ አልጋ አትነሳም፤ ምግብ አብራኝ መብላት ተወች። ጉንጯ ጎደጎደ፤ ፊቷ ግን አበራ፤ ይሄ ነው የበለጠ ያስፈራኝ።

ስለዚህ ሄጄ ከእልፍነሽ ልብስ የማይፈልገውን ኮምፎርት ገዛሁ። ሐሳቤ እህቴን ከከረጢቱ መለየት ነበር። ጥሩ ኮምፎርት ነው፤ ወፍራም፣ ሰማያዊ። አንድ ሌሊት ለበሰችው። ጠዋት ግን መልሳ አጣጥፋ ሰጠችኝ።

«ይሞቃል» አለች። «ግን ማንም የለበትም።»

«ኮምፎርት ውስጥ ሰው አይኖርም፣ የትናየት!»

«የኔ ውስጥ አለ።»

ሰማያዊው ላይ ሻይ ደፍታበት ስለነበር ማክሰኞ ውሃ ሲመጣ አጠብኩት። ከዚህ በኋላ ስለ አጠባ የሚከራከረኝ ሰው ካለ ይምጣ። መጀመሪያ እልፍነሽ ቤት ወሰድኩት፤ ማሽን ውስጥ ወርወር ነው ብላ የለ? በማሽኑ በር አልገባ አለ። ረግጠን ስናስገባው ማሽኑ አንዴ አጓርቶ ጸጥ አለ፤ እስከ ዛሬም ጸጥ እንዳለ ነው። ሳፋ ውስጥ ስነክረው የሳፋውን ውሃ ጠጣው። ጀሪካን ጨመርኩበት፣ ጠጣው። የፈረቃውን ውሃ ሁሉ ጨረሰና ገና ደረቅ ቦታ ነበረው። ገመድ ላይ ስናሰጣው ገመዱ መሬት ሊነካ ደረሰ፤ በሦስተኛው ቀንም ውሃው እየተንጠባጠበ እዚያው ነበር። ልብስ የሌለው ኮምፎርት አጠባ የሚያቀለው ለማያጥብ ሰው ነው። ክርክሩ በዚህ ሊዘጋ ይችላል።

ሐሙስ ከሰዓት መኝታ ቤት ስገባ እህቴ እጇን እስከ ትከሻዋ ከረጢቱ ውስጥ ከታ አገኘኋት። ዓይኗን ጨፍናለች። እጇን ስታወጣው ሞቆ ነበር፤ እርጥብ ሣር ሸተተኝ።

«ጨበጠኝ» አለች።

«እጅሽን ታጠቢ።»

«ቤት አለ ይላል፣ እትዬ። ጥጉ ጋ። እንድመጣ ይፈልጋል።»

«እዚህ ቤት አለሽ።»

«እሱ የለበትማ።»

«እኔስ?»

ጉልበቴን ዳበሰችኝና «አንቺማ ራስሽን ትችያለሽ» አለችኝ። በክፋት አልተናገረችውም። በክፋት ተናግራው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ፈራሁ። አሳድጌያታለሁ፤ እናታችን ከሞተች ጀምሮ የእህቴን ፀጉር የምሠራላት፣ ቁርሷን የምቋጥርላት እኔ ነበርኩ። አሁን አንድ ካልሲውን የማያገኝ ሰው በጨርቅ ቀዳዳ ሊወስድብኝ ነው። የትናየት መታጠቢያ ቤት ስትገባ ከረጢቱ አፍ ላይ ጎንበስ አልኩ።

«ዘርይሁን፣ ወይ ውጣ፣ ወይ ብቻህን እዚያው ሁን። እህቴን ተዋት።»

«እትዬ ጥሩወርቅ» አለ በትሕትና። ድምፁ ወፍሮ፣ አምሮበት ነበር። «ለእርስዎም ቦታ አይጠፋም እኮ።»

የኮምፎርት ልብስ ውስጥ ሆኖ እኔን ይጋብዘኛል! ያን ጊዜ ወሰንኩ። ቃል የገባችው የትናየት ናት፤ እኔ ለማንም ቃል አልገባሁም። ጨርቅ ውስጥ የገባ ነገር በምን እንደሚወጣ ደግሞ አስተምሬያለሁ፤ በሙቅ ውሃ፣ በሳሙናና በጠንካራ ክንድ ይወጣል።

ዓርብ ጠዋት ውሃው መጣ። የትናየትን በረኪና ገዝተሽ ነይ አልኳት። በረኪና ቤት ውስጥ ነበረኝ፤ ዞር እንድትልልኝ ነው።

«ምን ልታጥቢ ነው?» አለች።

«አንሶላ።»

ቆማ አየችኝ። ከዚያ ጉንጬን ሳመችኝ፤ ሱቅ ስትሄድ የመሳም ልማድ የላትም። ጫማዬን ላድርግ ብላ ወደ መኝታ ቤት ገባች። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ በርሜሉን እሞላለሁ፤ ውሃው እየጮኸ ስለነበር የውጭው በር ሲዘጋ አልሰማሁም። በርሜሉ ሲሞላ ሄጄ ከረጢቱን ከአልጋው ላይ አነሳሁ። አዝራሮቹ ሁሉ ተቆልፈዋል። የትናየት ናት የቆለፈችው ብዬ አሰብኩ፤ ሥርዓት አስተምሬያታለሁ።

እታች ግቢው ውስጥ በሙቅ ውሃ ዘፈዘፍኩት፣ አሸሁት፣ ደግሜ አሸሁት። ትልቅ ጨርቅ ለብቻ አይጨመቅምና እልፍነሽን ጠራኋት። እሷ አንዱን ጫፍ ያዘች፣ እኔ ሌላውን፤ እሷ ወደ ቀኝ እኔ ወደ ግራ እንጠመዝዝ ጀመር።

«ቲቸር፣ ባዶ ነው አላሉኝም?»

«ባዶ ነው። ጥጥ ውሃ ይይዛል።»

«ከበደኝ እኮ።»

«አንቺ ማሽን ለምደሽ ነው።»

ጨከን ብለን ስንጠመዝዘው መሀሉ ላይ ስስ ድምፅ አሰማ። ጥሩ ጨርቅ ሲጠመዘዝ ይጮኻል አልኳት፤ ደግመን ጠመዘዝነው። የወጣው ውሃ ኩልል ያለ ነበር። ያን ያህል ጊዜ ያልታጠበ ጨርቅ ኩልል ያለ ውሃ አይወጣውም፤ ይህንንም አስተምሬ ነበር። ገመዱ ላይ፣ ከሰማያዊው ኮምፎርት አጠገብ አሰጣነው። ዘርይሁን ሲወጣ አላየሁም። ለቅቋል ብዬ ደመደምኩ። እድፍ ሲለቅ ማን ይሰናበታል?

ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ወጣሁ። ለእህቴ ምን እንደምላት አስቤ ጨርሼ ነበር፤ ታለቅሳለች፣ ምሳ እንበላለን፣ ያልፍላታል። በረኪናው አልመጣም። ጠራኋት። መኝታ ቤት ገባሁ። ጫማዋ ከአልጋው ሥር፣ ከዘርይሁን ጫማ ጎን ተስተካክሎ ተቀምጧል። ሌላውን ጫማዋን ሁሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ፈለግኩ፤ አንድም የጎደለ የለም። የውጭውን በርም ቅድም ከውስጥ እንደተቆለፈ አግኝቼ የከፈትኩት እኔው ነበርኩ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። እልፍነሽ ገመዱ ሥር ቆማ እጇን ታደርቅ ነበር። ነፋስ አለ፤ የሰው ቀሚስ፣ የሰው ሱሪ ሁሉ ይወዛወዛል። ከረጢቱ አይወዛወዝም።

«የትናየት!» አልኩ።

አዝራሮቹ ከውስጥ አንድ በአንድ ተፈቱ። በአፉ በኩል እጆች ወጡ። ሁለቱ የወንድ ናቸው። ሁለቱ የእህቴ ናቸው፤ ውሃ ስለበላቸው ጣቶቿ ተጨማደዋል። ገመዱን እየዳበሱ ሄደው ሰማያዊውን ኮምፎርት አገኙት። መቆንጠጫዎቹን አነሱ፣ ሁለቱን ጫፍ ያዙ፣ እርጥብ እንዳለ ወደ ውስጥ ጎተቱት። እንደዚያ ከባድ የነበረው ነገር ምንም ሳያስቸግር ገባ። የከረጢቱ አራት ማዕዘን ሁሉ ሞላ፤ አንድም የተሸበሸበ ቦታ የለውም። ከተማሪዎቼ እንዲህ ያለበሰ አላየሁም።

«የኔ እኮ ልብስ አይፈልግም» አለች እልፍነሽ።

እጆቹ አዝራሮቹን መልሰው ቆለፉ። ተጠጋሁና መዳፌን አሳረፍኩበት። ሞቃት ነው፤ በዝግታ ከፍ ዝቅ ይላል። «የትናየት፣ እኔ ነኝ» አልኩ። «እትዬ ነኝ።» እንደዚያ ለስልሼ ማንንም ለምኜ አላውቅም። ከረጢቱ አተኛኘቱን እንደሚያስተካክል ሰው በቀስታ ተገላበጠ፤ ገመዱ ላይ እንደተሰቀለ ዞሮ ጀርባውን ሰጠኝ።